ቅሬዬ መርሳ ነው

ባለፈው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ጥቅል አቡጀዲ የጫነ ባጃጅ ዝናብ ደረሰበትና ከሱቄ ደጃፍ ተጠለለ። ሱቄ የምለው በልማድ ነው። ስፌት ከተውኩ ቆየሁ፤ ዛሬ ልጄ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል፣ እኔ በረንዳው ላይ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እላለሁ፣ አንዳንዱንም እቆጣለሁ። የጥቅሉ ጫፍ ከላስቲኩ ወጥቶ ርሶ ነበር። አዲስ አቡጀዲ ውሃ ሲነካው የሚሸተው ሽታ አለ፤ ፋብሪካው የሚቀባው ነገር ነው ይላሉ፣ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ዱካዬን አንስቼ ወደ ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ልጄ "አባባ፣ አመመህ?" ቢለኝ "ብርዱ ነው" አልኩት። ብርዱ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ እማ ሀዋ ቤታቸውን አከራይተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆኑን ሰምቼ ነበርና፣ ሽታውና ወሬው ተጋጥመው የስንት ዓመት ነገር ቀሰቀሱብኝ። ለእኝህ ሴትዮ መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ሳልነግራቸው ከሄዱ ደግሞ የምነግረው ሰው በዚህ ምድር አይኖርም።

መርሳን ለቅቄ ወልድያ የመጣሁት ጢሜ ገና ሲያቀመቅም ነው። የስፌት መኪናዬን እግር ከአውቶብሱ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ ጭንቅላቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ "ለልጁም ትኬት ትቆርጣለህ" እያለ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ትኬቱ አንድ ብር ከምናምን ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችልኝን ብርቱካን ሲሪንቃ ሳልደርስ ጨረስኩት፤ ከመንገዱ ዳር ባለው የምርምር ማሳ በየመደቡ የተተከለውን ምልክት እያየሁም፣ እዚህ አገር ማሽላ እንኳ ስምና ቁጥር ተሰጥቶት ነው የሚኖረው ብዬ ተገረምኩ። ያኔ ወልድያ ባጃጅ የሚባል የለም፤ ዳገቱን ሰው በእግሩ ይወጣል፣ ሲወርድ ይሮጣል። ሻይ ቤቱ ሁሉ ቴፕ አለው። አንዱ በትዝታ ሲያስለቅስ አጠገቡ ያለው በአምባሰል ይመልስለታል፣ እኔም በመሃል መኪናዬን እየረገጥኩ ከሁለቱም ጋር አንጎራጉራለሁ። ሻይ በፓስቲ በስሙኒ ተበልቶ ይጠገባል። እግሩ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ፋሽን ነበርና ጎረምሳው "ጉልበቴ ላይ ያዘው፣ ከታች ልቀቀው" ይለኛል፤ ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጥቶ "አጥብበው" ይላል። ሴቶቹ አበባ ያለበት ፖፕሊን ይዘው መጥተው ክንዱን ንፋው፣ ወገቡን ስብሰበው ይሉኛል። ዛሬ የተሰፋ ልብስ ከቻይና በጆንያ ይመጣል፤ ያኔ ግን ቀሚስ ማለት ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የምትለካው ነገር ነበር። የማን ወገብ እንደወፈረ፣ ማን እንዳረገዘች፣ ከባሏ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን የሰፈሩ ሰው አልነበርኩም። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ቤት ሲቃጠል የሚሠራው፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ነው የሚገባ፤ እንዲያ መሆኑን የሚያስገርም ነገር አድርጎ የሚያወራ ሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ አባ ይመር ነበሩ፤ በገበያ ቀን እህል የሚሰፍሩ፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ የጸዳ፣ ረጅም ሰው። ቤታቸው ከሱቄ ቁልቁል ሦስተኛው ነው። በመጣሁ በወሩ ገደማ መጥተው ቅሬ እንድገባ ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ "ቅሬዬ መርሳ ነው" አልኳቸው። እውነት ነበር፤ እናቴ በስሜ ትከፍልልኝ ነበር። አባ ይመር አልተቆጡም። "ሰው እኮ ሁለት ቦታ አይቀበርም፣ አንተ ልጅ" አሉና ሄዱ። በዓመቱ ተመልሰው መጡ፤ እኔም ያንኑ መለስኩላቸው። ቃሉ እየተመቸኝ ሄደ። መንገድ እንጠርግ ሲባል ቅሬዬ መርሳ ነው፣ የቦኖው ቧንቧ ተሰብሯልና እናዋጣ ሲባል ቅሬዬ መርሳ ነው። ሰፈሩም ተወኝ፤ "መርሴው" ይሉኝ ጀመር።

በሰፈራችን መሃል ከዳገቱ የሚወርድ ቦይ አለ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቅሬው ወጥቶ ይጠርገዋል፤ እያንዳንዱ ሰው በደጁ ያለውን ይዞ፣ ከታች ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፈውን ቱቦ ደግሞ በጋራ። በእኔ ደጅ ያለውን የሚጠርግልኝ ከጎረቤት አንዱ ነበር፤ እኔ ከመኪናዬ ሳልነሳ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይበዛበታል። መርሳ እያለሁ እናቴ ሰብስባ ትራስ ትሞላበት ነበር። እዚህ ትራስ የሚሞላ ሰው ስላልነበረኝ ጠዋት ሱቁን ስጠርግ ወደ ቦዩ እገፋዋለሁ። ውሃው ይወስደዋል፤ ወዴት እንደሚወስደው አስቤ አላውቅም። ቁልቁል ያለው አገር የእኔ አይደለማ።

ነሐሴ ለልብስ ሰፊ ወርቅ ነው። የእንቁጣጣሽ ቀሚስ፣ የተማሪ ካኪ፣ አንድ ዓመት ደግሞ በዚያው ሰሞን የአንድ ባለሀብት ልጅ ሠርግ ተደርቦበት፣ መቀሴ ከእጄ አልወረደችም። ጨርቁም እንደዚያው ወደ ቦዩ ወረደ። አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ ጠቆረ፣ ከዚያ ለቀቀው። እንዲያ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ይወርድና ከታች ቱቦው ዘንድ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ማለፊያ ሲያጣ ወደ ቤቶቹ ዞረ። አባ ይመር ቤት ጓዳ ውስጥ አሮጊት እናታቸው እማ ዘሀራ መደብ ላይ ተኝተው ነበር። የጓዳው የጭቃ ግድግዳ ተደርምሶ ውሃው ገባ። አባ ይመር በጀርባቸው አዝለው ሲያወጧቸው አሮጊቷ እስከ አንገታቸው ርሰው ነበር፣ ድምፅ አልነበራቸውም። እኔ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አየሁ። ዳገት ላይ ስለሆንኩ እኔን ጠብታ አልነካኝም።

በማግሥቱ ቅሬው አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። እኔም ልወጣ ተነሳሁ፣ ከበሩ ግን አላለፍኩም። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አያለሁ። አባ ይመር ቱቦው ውስጥ እስከ ትከሻቸው እጃቸውን ሰደዱና መጎተት ጀመሩ። የወጣው ነገር መጀመሪያ ጭቃ መሰለኝ፤ ከዚያ አበባው ታየ። የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ያሰፋሁላት የመምህር ሚስት ፖፕሊን፣ የሠርጉ ሚዜዎች ሰማያዊ፣ ካኪው፣ ሁሉም ተጠላልፎ እንደ ገመድ ተጎተተ። ሰው ሁሉ በየፊናው ይቆፍር ስለነበር ከአባ ይመር በቀር ያየ የለም። ቀና ብለው ወደ ሱቄ የተመለከቱ መሰለኝ። ከዚያ ጨርቁን ከቆሻሻው ክምር ላይ አልጣሉትም፤ በጆንያ ከተው ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቆሻሻ ሁሉ አንድ ነው፣ ማን ያውቃል፣ አልተመለከቱኝም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ሊያምን የፈለገውን ለማመን ጊዜ አይፈጅበትም።

እማ ዘሀራ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። ሳል ጀመራቸው፣ ከዚያ ደረታቸው ተያዘ። "ዕድሜያቸው ነው" ተባለ፤ ማንም የጎርፉን ስም አላነሳም። በሞቱበት ጠዋት ያካፋ ነበር። አባ ይመር በብብታቸው ነጭ አቡጀዲ ይዘው፣ ጫፉ ርሶ፣ ሱቄ ገቡ። "መቀስህን አውሰኝ" አሉኝ። "የእናቴን ከፈን የሚቆርጡት ሴቶች የሰላ መቀስ አጡ።" ያ ሽታ ያን ቀን ነው የገባብኝ። መቀሱን ሰጠኋቸው። ያን ሁሉ ቁርጥራጭ የቆረጠ መቀስ ነው። ከዚያ የሰፈሩ ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል ቃሬዛውን ተከትሎ በሱቄ ደጃፍ አለፈ፤ ሻይ ቤቶቹ ቴፓቸውን ዘጉ፣ ባለሱቁ ሁሉ በሩን ገጠም አድርጎ ወጣ። እኔ መቀስ የሌለው ልብስ ሰፊ፣ ባዶ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቅሬዬ መርሳ ነው አልኩ በሆዴ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። በማግሥቱ አባ ይመር መቀሱን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መለሱልኝ። "እግዜር ያጥናዎት" አልኳቸው። "አሚን" አሉና ትንሽ ቆሙ። እኔ መቀሱን ከነጨርቁ ከመኪናው መሳቢያ ከተትኩት።

በተከታዩ እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ሄጄ "መዝግቡኝ" አልኩ። አንዱ ቀልደኛ "መርሳስ?" ቢል ሰው ሳቀ። አባ ይመር ግን ሳይስቁ ለጸሐፊው "ጻፈው" አሉት። እንግዲህ ዜጋ መሆን የሚሉት ነገር ለእኔ በዚህ ነው የጀመረው፤ በሐፍረት። በግንቦት የደጄን ቦይ ጠረግሁ፣ የጎረቤቴን ጨመርኩ፣ ቱቦው ውስጥ እጅ መስደድ የእኔ ሥራ ሆነ፣ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ቁርጥራጩን በጆንያ እያጠራቀምኩ ለፍራሽ ሰሪዎች መስጠት ጀመርኩ። ሲሪንቃ የሚሠራ አንድ የመርሳ ልጅ ችግኝ አምጣልኝ ብዬው ግራቪሊያና ወይራ ይዞልኝ መጣ፤ ከቦዩ በላይ አፈሩ የሚናድበት ላይ ተከልነው። ፌስታል ከመጣ በኋላ ደግሞ ጠባዬ ከፋ። ውሃ የጠጣበትን ላስቲክ ቦዩ ውስጥ የጣለውን ሰው ዕድሜውን ሳላይ አስመልሼ አስነሳዋለሁ። ቀበሌ ሄጄ ቦዩ ክዳን ይሠራለት ብዬ ስንት ዓመት ተመላለስኩ፤ ሹሞቹ ተቀያየሩ፣ እኔ አልተቀየርኩም፣ በኋላ ሰልችቷቸው ይሁን ገብቷቸው ሠሩት። ልጆቹ "የቦዩ አለቃ" አሉኝ። መርሴው የሚለው ስም መቼ እንደቀረ አላስታውስም። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ፣ ከተማው ግማሹ ባዶ ሆኖ ማገዶ እንደ መድኃኒት በታጣበት ጊዜ፣ ዛፎቹ ተቆረጡ፤ አንዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም፣ የልጅ ልጆቼ ብርድ ላይ ነበሩ። አገር ሲረጋጋ ጉቶው አጠገብ እንደገና ተከልኩ። ጉልበት ግን አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ እነዚህ ሲያድጉ አላይም።

አንድ ዓመት በስብሰባ ላይ አስነስተው "አርአያ ነዋሪ" የሚል በፍሬም የተሠራ ወረቀት ሰጡኝ። ሰው አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወረቀቱን ሳሎን የሰቀለው ልጄ ነው። እኔ ፊት ለፊቱ አልቀመጥም።

አባ ይመር ይህን ሁሉ አይተው አንድ ቀን ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ለአረፋ ከሥጋው አይልኩልኝም፤ ክርስቲያን የእስላም እርድ እንደማይበላ ያውቃሉና ዳቦና ማር ነበር የሚልኩት፤ ለፋሲካ እኔም እንዲሁ። በመጨረሻ ሲታመሙ በየቀኑ ከአልጋቸው አጠገብ እቀመጥ ነበር። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፤ ደክሟቸዋል ብዬ እመለሳለሁ። ነገ፣ ነገ እያልኩ አንድ ነገ ላይ የቅሬው ጠሪ ስማቸውን እየጠራ በደጄ አለፈ። ቃሬዛቸውን ተሸከምኩ። ቅሬው እኔን ዳኛ አደረገ፣ በእሳቸው ቦታ። እንቢ ብልም ሰው ትሕትና መሰለው።

እንግዲህ አቡጀዲው በሸተተኝ ማግሥት፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ እማ ሀዋ ዘንድ ሄድኩ። የአባ ይመር ባለቤት፣ ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጡ ሴት ናቸው። ዕቃቸው ታስሮ በየጥጉ ተቀምጧል፤ ሚኒባሱ ጠዋት ነው። ልትወስዳቸው የመጣችው ልጃቸው ወደ ሱቅ ወጥታ ነበር። ገና ሳልቀመጥ እጄን ያዙኝ።

"ታደሰ፣ ከቅሬው እንዳታሰርዘኝ" አሉኝ። "ኮምቦልቻ ማን ያውቀኛል? ቅሬዬ እዚህ ነው።"

ከተማ የለቀቀ ሰው ከቅሬው ይሰረዛል የሚል ደንብ አለን። ያን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እንደ እኔ አንድ እግሩን ሌላ አገር ያስቀመጠ ሰው እንዳይኖር ብዬ። "እማ ሀዋ፣ እዚያም ይግቡ፤ በደረሱበት ሳምንት ይግቡ" አልኳቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ማን እንደሚቀበላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ፣ ሌላ ቀን እንደሌለ ስለማውቅ፣ ዐይናቸውን ሳላይ ተናገርኩት። ያን ክረምት ቱቦውን የደፈነው የእኔ ጨርቅ እንደሆነ፣ እማ ዘሀራን የገደልኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ዕለት ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ እንደነበር።

እማ ሀዋ እጄን ለቀው፣ ጀምረውት የነበረውን ልብስ አጥፈው ጨረሱ።

"እናውቃለን" አሉኝ። "ይመር ጆንያውን ይዞ ሲገባ 'የልብስ ሰፊው ጨርቅ ነው' አለኝ። ወጥቼ ልጮህብህ ነበር። በሩ ላይ ቆመና 'ተይው። ልጁ እንግዳ ነው። ካፈረ ይሄዳል፤ እንዲህ ሆኖ ከሄደ የትም አገር እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ይሰንብት' አለኝ።"

ተነስተው ከታሰረው ዕቃ መሃል አንድ ነገር ፈትተው አወጡ። ድሪቶ ነው፤ ከቁርጥራጭ የተሰፋ የአልጋ ልብስ። ቀለሙ ለቋል፣ ጠርዙ ተበልቷል። እኔ ግን የቆረጥኩትን አውቃለሁ። የመምህሩ ሚስት አበባ ይኸው። የሚዜዎቹ ሰማያዊ ይኸው። ካኪው ይኸው።

"ቤቱ ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ ርሶ ነበር" አሉ። "ጨርቅህን አጥቤ፣ በእሳት አድርቄ፣ በሁለት ቀን ሰፋሁት። አማቴን ያለበስናት እሱን ነው። ከየት እንደመጣ አልነገርናትም። አበባውን በጣቷ እየዳበሰች 'ሙሽራ አደረጋችሁኝ' ትል ነበር። ደግሞ መረቀችህ፣ ሳታውቅህ። 'ይህን የቆረጠ እጅ አይዛል፤ ከተተከለበት አይነቀል' አለች። ይመር አሚን አለ። እኔ ያን ቀን አሚን አላልኩም፣ አልዋሽህም። በኋላ ነው ያልኩት።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በዚህ ሽበቴ። ይቅርታ ላገኝ ሄጄ፣ ይቅርታው ከእኔ በፊት ሲጠብቀኝ እንደኖረ ነው የሰማሁት። ያን ሁሉ ዓመት አንድ አሮጊት በእኔ ምክንያት እየሞቱ በመረቁኝ ምርቃት ነው የኖርኩት። እማ ሀዋ እስክጨርስ ጠበቁኝ፣ ድሪቶውን አጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡና "ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ምን ያደርግልኛል" አሉኝ። ጠዋት ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ሲገቡ ዞረው የሰፈሩን ዳገት አዩት፤ የስፌት መኪናዬን ታቅፌ የመጣሁ ቀን መርሳን ዞሬ ያየሁት እንደዚያ ነበር።

እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ። ጸሐፊያችን ወጣት ልጅ ነው፣ ስሞቹን በስልኩ ነው የያዘ። እማ ሀዋ ላይ ሲደርስ ቆመና "ለቀዋል፤ ልሰርዛቸው?" አለኝ።

"አትሰርዝ" አልኩት።

"ደንቡ እኮ ጋሼ የራስዎ ነው። ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?"

ውጭ ዝናቡ በርትቶ ነበር። "ስማቸው ይሰንብት ብለህ ጻፍ" አልኩት፤ ዱላዬን ይዤ ተነሳሁና ቦዩን ለማየት ወጣሁ።